ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ

በ2001 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤት ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ አራት ሰው ከገባ አምስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ከኮምፒውተሩ አናት ላይ ደግሞ እንደ ጉጉት የተቀመጠች ዌብካም ነበሩን።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሥራው ዲቪ ነበር። ሰው ጉርድ ፎቶውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ መስታወቱ ላይ ደፍቼ ስካን አደርጋለሁ። ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች፣ ፊት ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ነጣ ያለ። ትንሽ ፈገግ ያለ ፎቶ ሲመጣልኝ እንኳ «ሌላ የለዎትም?» እያልኩ እመልስ ነበር። ሲመሽ የሰው ፊት ሁሉ ተመሳስሎብኝ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው።

የስካነሩ ጨዋታ የተጀመረው በስህተት ነው። አንድ ምሽት መስታወቱን ስወለውል ስካነሩ ተነሣና እጄን አነበበው። ስክሪኑ ላይ የወጣው እጅ የእኔ አልመስል አለኝ። የመዳፌ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ያለው ሁሉ ግን ጨለማ ውስጥ ሰጥሟል። ደጃፋችን ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ብቅ ብሎ አየና «እኔንም!» አለ። ፊቱን መስታወቱ ላይ አስተኛ፣ አፍንጫው ተደፈጠጠ፣ ጥቁር ጨርቅ ከላይ ጣልንበት።

ካሜራ ሰውን በአንድ ጊዜ ያነሣዋል። ስካነር ግን መብራቱን እየጎተተ መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ግንባርህ ከተነበበ በኋላ አገጭህ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ መሀል የተንቀሳቀሰ ጉድ ይፈላበታል። ልጁ ይህን ከእኔ ቀድሞ ገባው። ፊቱን ከመብራቱ ጋር እኩል እየሳበ አፍንጫውን የዝሆን ኩምቢ አሳከለው። በተቃራኒው ሲሄድ ደግሞ ተጨፍልቆ እንደ ዳቦ ሆነ። ግራ ጉንጩን ካስነበበ በኋላ ብድግ ብሎ ቀኙን ሲያስተኛማ አንድ አንገት ላይ ሁለት ፊት ወጣለት።

«ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌና ቴርጋት በ10,000 ሜትር እኩል የገቡ የመሰሉበትን ነገርኩት። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚለየው የፎቶ ፊኒሽ ካሜራም የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው። ያንኑ ቀጭን መስመር ደጋግሞ አንሥቶ ጎን ለጎን ስለሚደረድረው፣ በዚያ ፎቶ ላይ የሯጮቹ እግር አንዳንዴ ተጣሞ ይታያል። ልጁ ከዚያ በኋላ ስካነሩን «ኃይሌ» ይለው ጀመር። «ዛሬ ኃይሌ ይሠራል?» ይለኛል፣ ብሩሹን እንደያዘ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ «የሰው ወዝ ያለበት መስታወት ላይማ ፊቴን አላስተኛም» አሉ። እሳቸውን በዌብካም ሰረቅኳቸው፤ ሒሳብ ሲደምሩ። የዌብካሟ ምስል 640 በ480 ነጥብ ብቻ ስለነበር ሙሉ ወረቀት ላይ ሳትመው ፊታቸው የተሰባበረ ሸክላ መሰለ። ያንን ለመሸፈን ነው እህል የገባው። ቀይ ምስር ለከንፈር፣ ጥቁር አዝሙድ ለቅንድብ፣ ነጭ ጤፍ ለነጠላው። ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፊት እንዲታይ የምትፈልገውን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ፎቶውን ከላዩ ትደፋለህ፣ የሠራኸውን የምታየው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። አስነጥሰህ ከሆነ ደግሞ ቅንድቡ ጉንጭ ላይ ይገኛል። በ600 ዲፒአይ ሳነበው እያንዳንዷ ጤፍ የወንዝ ድንጋይ አክላ ወጣች። እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ አንድ ሰው ዲግሪውን ስካን ሊያስደርግ መጣ። ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር ወጣ። ደገምኩት፣ ያው ነው። ስካነሩ ሥራ ሲጀምር ብርሃኑን የሚለካባት ነጭ ጭረት ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር አለች። አንዲት ጤፍ ሾልካ እዚያ ገብታለች። እትዬ ፊት በካቻቪቴ ፈትቼ ሳወጣት መካድ አልቻልኩም። ምስሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ቅንድቤን ምነው አበዛህብኝ» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የዲግሪውን ሒሳብ ግን ከደመወዜ ቆረጡ።

ግንቦት ላይ መብራት በፈረቃ ሆነ። ከጎናችን ያለውን ሕንጻ የሚጠብቁት ጋሼ ልጃቸው ጅዳ ነበረች። አንዳንድ ቅዳሜ እኛ ዘንድ መጥተው በዌብካም ያነጋግሯታል። መስመሩ ደካማ ስለነበር ምስላቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቆ ይቀራል፤ እሷም ትስቃለች። አንድ ምሽት «ያንን ለሊስትሮው የሠራህለትን ለእኔም ሥራልኝና ላክላት፤ በደንብ ትየኝ» አሉኝ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን አስተኙ፣ ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ሳብኩላቸው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ መብራቱ ያጥበረብራል።»

«ጨፍኜ ብታየኝ ሞቷል አትልም?» አሉ ከጋቢው ሥር። አልጨፈኑም።

መብራቱ ግንባራቸውን አለፈ፣ ዓይናቸውን አለፈ፣ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሠፈሩ ጨለመ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ስለነበረው አልጠፋም፤ ፕሮግራሙም የተነበበውን ያህል አስቀረልን። የግንባራቸው ሽብሽብ፣ ሽፋሽፍታቸው፣ ያልተጨፈኑ ሁለት ዓይኖች። ከዚያ በታች ያለው ነጭ ነው። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩና «አፌን ተወው፤ ድምፄን ታውቀዋለች» አሉ።

ከዓመታት በኋላ በኮምፒውተር ስካን የተደረገው የመጀመሪያው ምስል ምን እንደሆነ አነበብኩ። በ1957 እ.ኤ.አ. ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ ነበር ማሽኑ ውስጥ ያስገባው። 5 ሳንቲ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር፣ የዲቪ ጉርድ ፎቶ ልክ፤ ነጥቡ 176 በ176። ያኛው አባት የልጁን ፊት ነው ለማሽኑ የሰጠው። ጋሼ የራሳቸውን ሰጡ፣ ለልጃቸው።

መብራት ሲመለስ «ሙሉውን እናንሣ» ብላቸው እምቢ አሉ። ግማሹን ላክሁላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዌብካም ሲገናኙ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው «አባዬ፣ አፍህን ምን ሆንክ?» ብላ ነው።