ሥሩን ብቻ

የፀጉር ቀለሙን ከሱቅ ገዝቼ፣ በቦርሳዬ ይዤ ፀጉር ቤት ሄጄ፣ «ሥሩን ብቻ» ብዬ ላሠራሁት ሥራ የተጠየቅሁት የእጅ ዋጋ የቀለሙን ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ማጉረምረሜን የሰማች አንዲት ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እንደተቀመጠች፣ ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ በሚያወጣው ድምፅ፣ «ቀለም እኮ የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ በአጋጣሚ ያገኙት ነገር ነው! ምኑ ነው የሚወደደው?» ብላ ጮኸች። ቤቱ ሳቀ። እኔም ነገሩን የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ፤ ግማሹ ትዝ አለኝ፣ ግማሹ አልመጣም። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፣ ወባዋ ግን አብራኝ ቤት ገባች።

አጣራሁ። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ አንድ ሰው ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ውስጥ ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ በፋሲካ ዕረፍት ቤቱ ውስጥ ባዘጋጃት ትንሽ ቤተ ሙከራ ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ኪኒን ለመሥራት ይታገል ነበር። ኪኒን ያን ጊዜ ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ልጥ የሚወጣ፣ እንግሊዝም በየቅኝ ግዛቱ ያሉ ሰዎቿ በወባ እንዳያልቁባት አጥብቃ የምትፈልገው መድኃኒት ነው። ልጁ እጅ የገባው ጥቁር አተላ ነበር። ዕቃውን በአልኮል ሊያጥብ ሲል አተላው ወይን ጠጅ ሆኖ ፈሰሰለት። ኪኒኑ ቀረና በፋብሪካ ተመርቶ ገበያ የገባ ሰው ሠራሽ ቀለም ተገኘ። ግን የሐር ቀለም ነው፤ ፀጉር ላይ አልደረሰም።

ፀጉር ላይ የደረሰው በመምህሩ በኩል ነው። ለፐርኪን የኪኒኑን ሐሳብ የሰጠው ጀርመናዊው አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን በ1863 ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ስለተባለች ቅመም ጻፈ። ስሟ አፍ ስለሚያስር በአጭሩ ፒፒዲ ይሏታል። በጥቋቁር ቀለሞች ካርቶን ጀርባ፣ በማይነበበው ደቃቅ ጽሕፈት መሃል፣ ዛሬም እሷን ወይም እህቶቿን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ጠባይዋ እንዲህ ነው፦ ለብቻዋ እዚህ ግባ የሚባል ቀለም የላትም፤ ኦክስጅን ሲያገኛት ትጠቁራለች። በ1883 ፈረንሳይ ውስጥ ፀጉር ለማቅለሚያ የፈጠራ መብት ተወሰደባት። በ1907 ደግሞ ወላጆቹ ኬክ ቤት የነበራቸው ኤዥን ሹለር የሚባል ወጣት ፓሪሳዊ ኬሚስት ማታ የቀመመውን ቀን በየፀጉር ቤቱ እየዞረ መሸጥ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋቋመው ድርጅት ስሙ ሲተረጎም «ጉዳት የሌላቸው የፀጉር ቀለሞች የፈረንሳይ ኩባንያ» እንደማለት ነው፤ ዛሬ ሎሬያል የሚባለው እሱ ነው። ማንም ሳይከሰው «ንጹሕ ነኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው እኛ ሰፈር ቢሆን መጠርጠሩ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ የካስኳ እመቤት ግማሽ ትክክል ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የቀለም አባት ከሆፍማንም ከፐርኪንም በፊት ነው የተወለደው። ከቀለሙ ቱቦ ጎን የሚቀመጠውን ነጭ ጠርሙስ አስቡት፤ 20፣ 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር ያለበትን። ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ቁጥሩም ለጌጥ አልተጻፈም፤ 20 ማለት አንዱ ሊትር 20 ሊትር ኦክስጅን ይወጣዋል ማለት ሲሆን በመቶኛ 6 ነው፣ 30ው 9፣ 40ው 12። ይህ ጠርሙስ ካልተጨመረ ቱቦው ምንም አያደርግም። የፀጉሩን ቅርፊት ከሚከፍተው ቅመም ጋር ተጋግዞ የገዛ ቀለማችንን የሚያደበዝዘው፣ አዲሱንም ውስጥ ገብቶ እንዲፈካ የሚያደርገው እሱ ነው። ፈረንሳያዊው ሉዊ ዣክ ቴናር ያገኘው በ1818 ነው። በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ የለንደን ኬሚስትና አንድ የፓሪስ ፀጉር ሠሪ ፀጉር ወርቅማ ሲያደርግ ለሕዝብ አሳዩ። ሹለር ገና ሳይወለድ የፓሪስ ወይዛዝርት ቢጫ ሆነው ነበር ማለት ነው። ዝናው ለቱቦው፣ ድካሙ ለጠርሙሱ መሆኑ ይከነክነኛል።

ለመሆኑ ቀለምን ከፓሪስ ጠብቀን ነበር ወይ? እናቶቻችን ለበዓልና ለሠርግ እንሶስላ ሲሞቁ ማን ሒሳብ ጠየቃቸው? ሥሩ ይወቀጣል፣ መዳፍና እግር ላይ ይደረጋል፣ በጨርቅ ይታሠራል፣ ጠዋት ሲፈታ ቀይ ነው። ሂናም ሐረርና ድሬዳዋ፣ ወሎም እንዲሁ፣ ከእጅ አልፎ የሽማግሌ ጢም ያቀላል። ይህ ዝም ብሎ ፋሽን አይደለም። ነቢዩ መካ በገቡ ጊዜ የአቡ በክር አባት አቡ ቁሐፋ ራሱና ጢሙ እንደ ጥጥ ነጥቶ ሲቀርብ፣ ሰዎች ሽበቱን በሌላ ቀለም እንዲለውጡለት፣ ከጥቁር ግን እንዲርቁ መታዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ፈርዖን ራምሴስ ሁለተኛም ቀይ ፀጉሩ የሂና ነው ሲባል ኖሮ፣ ሬሳው በ1976 ለሕክምና ፓሪስ ሲሄድ የመረመሩት ሰዎች ንጉሡ በተፈጥሮውም ቀይ እንደነበር ተናገሩ። በፓሪስ ሁሉም ነገር በፀጉር በኩል ያልፋል።

በዚህ ተጽናንታችሁ «እኔስ ሂና ነው የምቀባው» የምትሉ ካላችሁ፣ ከቅጠሉ የሚወጣው ቀይና ብርቱካንማ ብቻ ነው። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የጠቆረው በዚያችው በሆፍማን ቅመም ነው፤ ያውም መጠኗን ማንም ሳይለካት።

አሁን የግል ቂሜን ላስገባ። የፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ሦስት ዓይነት ፀጉር ያውቃል፦ አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም። የእኔ ፀጉር የትኛው ነው? ታጥቦ ሲደርቅ ጆሮዬን አያልፍም። ፎን ሲደረግ ትከሻዬን ይነካል። ቅቤ የጠጣ ዕለት እዚያ መሃል አንድ ቦታ ላይ ነው። ፀጉሬን የምትሠራው ልጅ ከማጅራቴ አንዲት ዘለላ በማበጠሪያዋ ጭራ ለይታ በሁለት ጣቷ ወጠረችና ትከሻዬ ላይ አደረሰቻት። «እትዬ፣ የእርስዎማ ረጅም ነው» አለችኝ። እትዬ መባሉን ለብቻው ዋጥኩት። ዘለላዋን ስትለቃት ተጠቅልላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ዋጋው ግን ትከሻዬ ላይ ቀረ።

ይህ ዝርዝር፣ እኔ እንደምገምተው፣ ፀጉራቸው ሲታጠብም ሲደርቅም ቁልቁል ከሚወርድ ሰዎች ዘንድ ከነፎቶው የመጣ ነው። እነሱ ዘንድ ርዝመት አንድ ነው። እኛ ዘንድ የተጠቀለለው ፀጉር ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ሊያጥር ይችላል፤ ስለዚህ ርዝመት የሚወሰነው በሚለካው ሰው ጥቅም ነው። ፍትሕ ቢኖር ደርቆ ባለበት ይለካ፤ አለዚያም ተወጥሮ የተለካው ፀጉር ተወጥሮ ይቀባ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት «ረጅሙን ማጠቡና ማድረቁ ጊዜ ይወስዳል» ብላ መለሰችልኝ፤ ክፉ መልስ አይደለም። ነገር ግን እኔ የጠየቅሁት ሥሩን ነው። ሥር አጭርና ረጅም የለውም፤ ያለው የራስ ስፋት ነው፣ የእኔ ራስ ደግሞ ስሸብትም አልሰፋም። ቀለም የሚጨርሰው የፀጉሩ ብዛት ነው። አንድ ቱቦ ብዙ ጊዜ 60 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከጠርሙሱ እኩል ወይም አንድ ተኩል እጥፍ ይጨመርበታል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ሁሉም በግራም ያልቅ ነበር። ከተደባለቀ ወዲያ ለነገ የሚተርፍ የለም፤ ሳህን ላይ ያለው እዚያው ሥራውን ጨርሶ ይበላሻል፣ ይደፋ። ቱቦው ውስጥ የቀረው ግን የእኔ ነው። ግማሹ ቱቦዬ የት እንደገባ ስጠይቅ ሁሉም ሌላ ሥራ ያዘው።

ስለ ውጭ ምንዛሪው ብዙ አልልም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎችን ለማስገባት በባንክ ዶላር እንዳይሰጥ ሲያግድ የመዋቢያ ዕቃ ከተከለከሉት አንዱ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ፤ በዚያው ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ከ57 ብር ከምናምን የተነሣው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። መጀመሪያ ቀለሙ ጠፋ፣ ቀጥሎ ቀለሙ መጣና ብሩ ጠፋ። ለጉምሩክም ቢሆን ቀለማችን ስም የለውም፦ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መደብ 33.05 ሥር ሻምፖ የራሱ ቁጥር አለው፣ የፀጉር ማለስለሻና መጠቅለያ የራሱ፣ ስፕሬይ የራሱ፤ ቀለም የሚመደበው «ሌሎች» ውስጥ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚበላ ነገር «ሌሎች» መባሉ ደስ አላለኝም።

ዋናው ወጪ ግን ከዶላርም ከርዝመትም አይደለም። ፀጉር በወር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ዛሬ የተቀባ ሰው ከአራት ሳምንት በኋላ መስታወት ፊት ሲቆም ክፍያው ላይ የአንድ ጣት ጥፍር ያህል ነጭ መስመር ያገኛል። ቀለም እንደ ቤት ኪራይ ነው፦ ምንም ያህል ዓመት ብትከፍይ ቤቱ ያንቺ አይሆንም፣ አንድ ወር ብታሳልፊ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ይህን ከኬሚስቶቹ ይልቅ የገባቸው ነጋዴዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ክሌሮል የሚባለው ኩባንያ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚቀባ ቀለም ሲያወጣ ማስታወቂያውን የጻፈችው ሸርሊ ፖሊኮፍ የቀለሙን ማማር አላወራችም፤ ተቀብታ ይሆን ወይስ አልተቀባች የሚለውን ጥያቄ ብቻ ጥላ ሄደች። መልሱን የምታውቀው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ እንድትሆን አደረገች። ከዚያ ወዲህ ሽበት ምስጢር ሆነ፣ ምስጢርም በየወሩ ይከፈልበታል። እኛ ደግሞ ሽበትን እናከብራለን እንላለን። ወንበር ይለቀቅለታል፣ ሽምግልና ይላካል። ይህ ሁሉ ግን ለአባወራው ነው፤ ሴቲቱ ላይ ሲታይ «ምነው ራስሽን ጣልሽ?» ትባላለች። የወር ኪራዩን የምከፍለው ለዚህ ጥያቄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ የእጅ ዋጋው ነገርስ? እዚህ ላይ ከካስኳ እመቤት እለያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ ቀለም የምንቀባውን ሰዎች በተመለከተ ማስረጃው ለመፈረጅ አይበቃም ሲል፣ ፀጉር ሠሪነትን እንደ ሙያ ግን ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ከሚባሉት፣ ከዋናው አንድ ደረጃ ዝቅ ካሉት፣ ተርታ አስገብቶታል። እኔ በወር አንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል እሸተዋለሁ፤ ልጅቷ ከጠዋት እስከ ማታ። ጓንቷ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ስስ ላስቲክ ነው፣ ሁለተኛው ደንበኛ ላይ አውራ ጣቱ ጋ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጇ ነው። ቀለሙ ጥፍሯ ሥር ገብቶ የጣቷን ቆዳ ሰነጣጥቆታል፤ «ያሳክከኛል፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ፒፒዲ የቆዳ አለርጂ በማስነሣት የታወቀች ናት፤ የአውሮፓ ሕግ ከተደባለቀ በኋላ ከ2 በመቶ እንዳትበልጥ የሚገድባት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅቷ ደሞዝ የላትም፣ በፐርሰንት ነው የምትሠራው። ከዚያ «የእጅ ዋጋ» ከሚባለው ላይ የሚደርሳት ድርሻ የባለቤቷ ምስጢር ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይኸው፦ ከሒሳቡ ውስጥ ሳልከራከር የምከፍለው የእጁን ነው፤ እንዲያውም ይጨመር፣ ጓንቱም ይቀየር። ለእጅ ተብሎ የተጠየቀው ግን እጁ ጋ ይድረስ። የቱቦውንና የርዝመቱን ጉዳይ ከባለቤቷ ጋር እንጨርሰዋለን፤ ሚዛን ገዝቻለሁ።