ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

ሰሞኑን ቤቴ ንብ የገባበት ይመስል ነበር። «እምምምም…» ይላል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ፍሪጁ ተነቅሏል፣ በአቅራቢያችንም ወፍጮ ቤት የለም። ጥዝዝታው የሚመጣው ከአባቴ አሮጌ ስፒከር ነው። ጥፋተኛዋ ደግሞ የእህቴ ልጅ በገዛ እጇ የሠራቻት፣ ከሳሙና መያዣ የማትበልጥ ሳጥን ናት።

ሳጥኗ ምን እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ እኔም የገባኝ በስንት መከራ ነው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በሲዲ ደንብ ከሄድን ለአንዲት ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ 44,100 ቁጥር ይመደባል። እያንዳንዱ ቁጥር ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይቆማል። ስፒከር ግን ቁጥር አያነብም፤ እሱ የሚያውቀው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ በመሐል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ሳጥኗ እሷ ናት። ላፕቶፕም ስልክም ውስጥ እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አለ። የእኔ ላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን ከሞተ ሰነበተ። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ስለሆነች «ፒሲኤም 2704» የምትባል ቺፕ አፈላልጋ፣ በይዳ፣ ቀጣጥላ፣ «ጋሼ፣ ይኸው!» ብላ አመጣችልኝ። ሰካናት። «እምምምም…»

«በስልክህ አትሰማም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬያለሁ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በ1975 ዓ.ም. በወጣ በዓመቱ፣ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። በ1977 ነሐሴ ላይ እናታችን ወደ ካርቱም ለሚሄድ ነጋዴ የምትሰጠው የካሴት ደብዳቤ ቀዳች። ያኔ ደብዳቤ መጻፍ የማይችል ሰው በካሴት የሚልክበትም ጊዜ ነበር። የቴፑን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ስለ ዘመድ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ አባታችን ወገብ ሕመም አወራች። መጨረሻ ላይ «እስቲ አንተ ውጣልኝ፤ ለብቻዬ ልንገረው» አለችኝና ወጣሁ።

ወንድምጋሼ ካሴቱን ካርቱም ላይ ከሰው በተዋሰው ቴፕ ሰማው። የመጨረሻዋ ቃል «ልጄ፣ ተመለስ» የምትል መሰለችው። አልተመለሰም። እንዴት ይመለሳል? በ1981 ዓ.ም. እናታችን ስታርፍ እሱ አሜሪካ ነበር። እኔ ደግሞ «ኧረ እሷ እንዲህ አትልም፤ ‘አትመለስ’ ብላህ ይሆናል» እያልኩ ስንት ዓመት ተከራከርኩት። ባለፈው ፋሲካ ካሴቱን በዘመድ እጅ ላከልኝ። «አንተ የቋንቋ ሰው ነህ፤ ስማውና ቁርጡን ንገረኝ» አለ።

ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ አንድ ልጅ አስገለበጥኩት። አሁን የቀረው መስማት ነው።

እዚህ ላይ የድሮ ሥራዬ ትንሽ ጠቀመኝ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ብዬ ብጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ከዐውዱ ካልሆነ በቀር አታውቁም። ተማሪዎቼን በዚህ ስንቴ አስቂያቸዋለሁ። «ተመለስ» ስንል መ ይላላል፤ «አትመለስ» ስንል ግን መ ይጠብቃል፣ ከንፈር ገጥሞ ትንሽ ይቆያል። የፊተኛዋ «አ» «ልጄ» በሚለው ውስጥ ሰጥማ ብትጠፋ እንኳን መ ያጋልጣል። ችግሩ ከንፈር ገጥሞ የሚወጣው የመ ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ መሆኑ ነው፤ የሳጥኗ ጥዝዝታም እዚያው ሰፈር ነው የተቀመጠው። እናቴ መ ላይ ስትደርስ ሳጥኗም «እምምም» ትላለች። ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል?

እኔ ቶሎ ብዬ ቺፑን ጠረጠርኩ። ልጅቷ ሳቀች። «ጋሼ፣ አትተርጉም፤ አንድ አንድ እያልክ ንቀል» አለችኝ። ሳጥኗን ነቀልን፤ አምፕሊፋየሩ ብቻውን ዝም አለ። እሱ ነጻ ወጣ። ሳጥኗን መለስናት፤ ጥዝዝታው ተመለሰ። ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀለችና በባትሪ አስኬደችው። ጸጥ!

ቻርጀሩም አምፕሊፋየሩም ባለ ሦስት እግር ሶኬት ናቸው። ሦስተኛዋ እግር ወደ መሬት ትሄዳለች። አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን መኝታ ቤት ስለሰካናቸው በሁለት መንገድ ወደ መሬት ወረዱ። ሁለቱ መሬቶች ደግሞ ልክ እኩል አይደሉም። በመሐላቸው ያለችው ትንሽ ልዩነት በድምፅ ገመዱ ሽፋን በኩል ትሮጣለች። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አምፕሊፋየሩ ያንን እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። አንድ የሰፈራችን ሬዲዮ ሠሪ «ሦስተኛዋን እግር ስበሩት» ብሎ መክሮን ነበር። በአገራችን ያልተሰበረች ሦስተኛ እግር ማግኘት ብርቅ ነው! ያቺ እግር ግን ሽቦ ከዕቃው አካል ጋር ሲነካካ ሰውን ከመሞት የምታድን ናት። ለድምፅ ጥራት ብዬ የእህቴን ልጅ አላስይዝም። ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካናቸው፤ ጥዝዝታው በጣም ቀነሰ። ለማዳመጥ ስንቀመጥ ደግሞ ቻርጀሩን እንነቅላለን።

አለቀ ስንል ሌላ መጣ። ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር «ጭርር… ጭርር» ይላል። ሳጥኗ የምትጠጣው 5 ቮልት ከላፕቶፑ ስለሚመጣ የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ አብራ ትጠጣለች። የሠፈር ቧንቧ ላይ አንዱ ሲከፍት የሌላው ውኃ እንደሚንቀጠቀጥ ማለት ነው። ልጅቷ ለብቻዋ የምትመገብበት ትንሽ ትራንስፎርመር ያለው ኃይል ሠራችላት። ቺፑ እግር ሥር መቀመጥ የነበረበትን 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አንድ ጣት ያህል አርቃ በይዳው ስለነበር እሱንም ጠጋ አደረገችው። ጭርርታው ሄደ። ትራንስፎርመሩ ግን በሳጥኗ ጎን ስለተቀመጠ ራሱ መጎርጎር ጀመረ! አንድ ስንዝር አርቀን ጎኑን ስናዞረው ተወ። እንዲህ ናት እንግዲህ፣ አንዱን ሰላም ስታወርድ ሌላው ይነሣብሃል።

መጨረሻ ላይ የቀረችው «ጠሽ» የምትል ነበረች፤ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትጠፋለች። ልጅቷ በእርሳስ ጀርባ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች። አንዷ ላይ ስትደርስ «ጠሽ!» አለ። ብየዳው ሳይግም ደርቆ ኖሯል፤ ላዩ ደፍረስ ብሏል እንጂ ከሽቦው ጋር አልተያያዘም። እንደገና አሞቀችው።

አሁን የቀረው ቀጭን «ሽሽሽ» ብቻ ነው። እሱን ማንም አያጠፋውም፤ የካሴቱ የራሱ ነው። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ክሩም ቀጭን ነው፤ ሽሽታው አብሮት ይወለዳል።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ላሟ አለፈች። የአባቴ ወገብ አለፈ። «አንተ ውጣልኝ» አለችኝ፤ በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። በአርባ ዓመት ውስጥ ስለ ዝናቡ አስቤ አላውቅም። ትንፋሽ ወሰደች። «ልጄ…» ቃሏ መጣች። ልጅቷ ወዲያው አየችኝ። እኔ አምስት ጊዜ መለስኩት፤ ስድስተኛ ላይ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ጠብቋል እኮ» አለች።

ጠብቋል።

ወንድምጋሼ ዘንድ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነበር፤ ግን ነቅቶ ነበር። «‘አትመለስ’ ነው ያለችህ» አልኩት። ምንም አልተናገረም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «እኔ ‘ተመለስ’ ሲለኝ ነበር እኮ የኖርኩት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ዝናቡስ? ዝናብ ነበረው አይደል?»

«ነበረው። በደንብ ይሰማል።»

«እንግዲያው ላክልኝ» አለ።