ከማንደድ በፊት መፋቅ

የእጅ ሥራ ሲነሣ ብዙዎቻችን ከቀለም ትምህርት በታች አድርገን እናየዋለን። ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ጣውላ ሲፈትግ ቢታይ «ምነው፣ ምን ገጠመው?» ይባላል። ይሁን እንጂ በዚህ ወር ከክበባችን ጀርባ ባለው የጥብስ ምድጃ ላይ ያከናወንነው ሥራ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት የማይተናነስ ዕውቀት ሰጥቶናልና ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ምድጃውን የማያውቀው የለም። ከግማሽ በርሜል የተሠራ፣ አራት የብረት እግር ያለው፣ ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ ሁለት ጣውላ የተገጠመለት ነው። በአንዱ ክንፍ ላይ የሥጋው ትሪ፣ በሌላው ላይ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና ቢላዋው ይቀመጣል። ብረቱ ደህና ነው። ክንፎቹ ግን አያድርስ! ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል፤ ጫፋቸው ገርጥቷል፤ በእሳቱ በኩል ያለው ጠርዝ ከስሏል፤ ላያቸው በስብና በጥላሸት ጠቁሮ እጅ ሲያርፍበት ይጣበቃል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ሐሳብ መጣ። ገሚሶቻችን «ፈተን እናንድደው፣ አዲስ ጣውላ ይገዛ» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ምን እንጨት እንደሆነ እንወቅ» አልን። ክርክሩን የፈቱት የወርክሾፑ አናጢ ናቸው። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም። አንዱን ጣውላ ገልብጠው ከሥሩ በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ብቅ አለ። «ዋንዛ ነው ልጆቼ። ይኼን ነው የምታነዱት?» አሉን።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ምድጃው ውስጥ የሚነደው ከሰል የዲከረንስ ነው። ይህ ዛፍ መገኛው አውስትራልያ ሲሆን፣ በእኛ በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በማሳው ተክሎ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የተጓዘ ሰው በአዲስ ቅዳም አካባቢ የከሰሉን ጆንያ ያየዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ቢመታውም፣ ዲከረንስ ቶሎ የሚደርስ፣ ተቆርጦ እንደገና የሚተከል ዛፍ ነው። ዋንዛ ግን እንዲህ አይደለም። ሰፊ ጣውላ እስኪወጣው ድረስ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ስሙን ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው በከንቱ አልነበረም። ኮሶበር በሚለው የከተማችን ስም ውስጥ እንኳ ከአራቱ ዛፎች አንዱ አለ። እንግዲህ የአምስት ዓመቱ ዛፍ ማገዶ ይሁን፤ የአያቶቻችንን ዛፍ ግን ምን በወጣው አብረን እንማግደዋለን?

ታዲያ ቫርኒሹ ለምን ተላጠ? ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ቤት ውስጥ መልካም ነው። ደጅ ሲሆን ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የምድጃው ሙቀት ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ከሥሩ ያነሣዋል። ከዚህም በላይ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ የደረቀ ቫርኒሽ አብሮት አይለጠጥም። እንጅባራ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐዩም ዝናቡም አይምርም። በተላጠው ላይ ሌላ ቫርኒሽ መደረብ ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መሸፈን ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከመፋቅ ጀመርን። ብሎኖቹን ፈተን ግራና ቀኙን በእርሳስ ምልክት አደረግንባቸው። ስቡን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበን ሦስት ቀን በጥላ ሥር አደረቅናቸው፤ እርጥብ ጣውላ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይሰነጠቃል። ከዚያ የመስታወት ስባሪ በወፍራም ጨርቅ ይዘን ቫርኒሹን ፋቅነው። የከሰለውን ጠርዝ በመላጊያ አነሣነው። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት መጣ፤ መጀመሪያ 60 ቁጥር፣ ከዚያ 120፣ በመጨረሻ 180። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ፍትጊያው እንጨቱ በሄደበት መስመር መሆን አለበት፤ አግድም ከሆነ ጭረቱ አይጠፋም። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር። የወጣውንም ብናኝ ምድጃ ውስጥ አልጨመርነውም፤ የቫርኒሽ ጭስ ለጥብሱም ለሳንባም አይበጅም።

በቫርኒሽ ፈንታ የመረጥነው ለምግብ የሚሆን ንጹሕ የተልባ ዘይት ነው። ከቀለም መደብር የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ምግብ ለሚቀርብበት እንጨት አልፈለግነውም። የኬሚስትሪ መምህራችን እንዳስረዱን፣ የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ በእንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። ቅቤና የፓልም ዘይት ይህ ጠባይ የላቸውም፤ እያጣበቁ ይቆዩና ይሸታሉ። በስሱ ቀባን፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን፣ ያልመጠጠውን አጥርገን አነሣን። እስኪደርቅ ቀናት ሰጥተን ሁለተኛና ሦስተኛ ደገምነው። የዋንዛው መልክ ያን ጊዜ ወጣ፤ «እንዴ! ያው ጣውላ ነው?» ያላለ አላፊ አግዳሚ የለም።

አንድ ነገር ግን ማንም እንዳይረሳ አደራ እንላለን። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ፣ ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ራሱ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከሰል ከተከመረበት ጎን ሆኖ እንዲህ ያለ ጨርቅ መጣል ቤትን በሌሊት ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። እኛ ጨርቆቹን ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ነከርናቸው። ይህ ያልታሰበበት ሥራ ባይጀመር ይሻላል።

ስንገጥማቸውም ሁለት ማሻሻያ አደረግን። በእንጨቱና በጋለው በርሜል መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ትተን በጠርዙ ላይ ቆርቆሮ አለበስን። የብሎኑንም ቀዳዳ ወደ ጎን ጥቂት አሰፋነው፤ ጣውላው ሲያብጥና ሲኮማተር መላወሻ እንዲያገኝ ነው። ከእንግዲህ ዘይቱን በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ አንድ ጊዜ ማደስ ይበቃል፤ መፋቅ አያስፈልግም።

እጩ መምህራን! ነገ ተመርቀን ወደየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንበተን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ የተሰባበረ ዴስክ ተከምሮ እናገኝ ይሆናል። ከክምሩ ማዶ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ አለ። ብዙውን ጊዜ የሞተው እንጨቱ አይደለም፤ ብሎኑ ረግፎ ወይም ላዩ ተልጦ ነው። በጀት እስኪመጣ መጠበቅ አንድ መንገድ ነው። መፍቻ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ጥቂት ዘይት ይዞ ከተማሪዎች ጋር ቅዳሜ ጠዋት መሥራት ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፣ ያንን ክምር «ማገዶ ነው» ከማለታችን በፊት አንዱን ገልብጠን ከሥሩ ፋቅ እናድርገው።

ከእጅ ሥራ ክፍል እጩ መምህራን