የባለቤቴ እጆች

ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ ሞተር ሳይክል መሪ ነው። “የመጋቢ ሚስት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?” እንዳትሉኝ፤ እኔም ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስመረቅ አንድ ቀን መፍቻ ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ ብዬ አላሰብኩም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነው ነገር ባለ ትዳሮችን ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ልጽፈው ወደድኩ። ባለቤቴም አንብቦት ፈቅዶልኛል።

ባለቤቴ በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ያሉ የገጠር አጥቢያዎችን ያገለግላል። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ በበጋ አቧራና ኮረት፣ በክረምት ጭቃ ነው። የምታመላልሰው ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ናት። በገጠር የምትኖሩ በደንብ ታውቋታላችሁ፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት፣ ለእርሻ አካባቢ ታስባ የተሠራች ናት። በስሟ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላትም ግብርናን የሚያመለክቱ ናቸው። እኛ የገዛናት ያገለገለች ሆና ነው። የቀድሞው ባለቤቷ ወድቆ መሪዋ ስለተጣመመ፣ የሌላ ሞተር አጭርና ዝቅ ያለ መሪ አስገጥሞባት ነበር። ይህን በጊዜው አላወቅንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በአንድ ምት ስትነሣ ደስ ብሎን ገዛናት።

“ምንም አይደለም”

ዓመት ሳይሞላ ባለቤቴ ከገጠር ሲመለስ ዝም ማለት ጀመረ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይይዛል። ትንሿ ልጃችን “አባቢ፣ አንሣኝ” ስትለው “ቆይ ደክሞኛል” ይላታል። “ምን ሆነሃል?” ስለው መልሱ ሁልጊዜ “ምንም አይደለም” ነበር።

እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? በእኔ የተቀየመ መሰለኝ። ለምእመናኑ ይስቃል፣ ለእኔ ግን ፊቱን ያጠቁርብኛል እያልኩ በልቤ መዝገብ ከፈትኩ። ሌሎችን ባለ ትዳሮች “ተነጋገሩ” እያልኩ የማስተምር ሴት በገዛ ቤቴ ዝምታን በዝምታ መለስኩ። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሲያራግፍ አየሁት። መብራት አበራሁ።

“ምን ሆነህ ነው?”

“እጄ ይደነዝዛል። ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ቆየ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

ጥቂት ዝም ብሎ “አገልግሎት ያለ መከራ የለም ብዬ ነዋ። ደግሞ ብነግርሽ ሞተሩን ተው ትይኛለሽ” አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እለው ነበር። በዚያ ሌሊት አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ የእጁ ሕመም ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ሕመሙን እንደ ጥላቻ ቆጥሬ መያዜ ነው።

በማግስቱ ከጉባኤያችን ነርስ የሆነች እህት ቤታችን መጥታ “የትኞቹ ጣቶች ናቸው?” ብላ ጠየቀችው። አውራ ጣት፣ አመልካችና የመካከለኛው ጣት ከሆኑ በእጅ አንጓ መካከል የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን እንደሚችል፣ ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ ደግሞ በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን እንደሚችል ነገረችን። የእርሱ ትንሿና የቀለበት ጣቱ ነበሩ። ባለቤቴ ረጅም ሰው ነው። መሪው ዝቅ ሲል ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የትከሻውና የደረቱ ክብደት በመዳፉ ላይ ያርፋል፤ በዚያ ላይ የሞተሩ ንዝረትና የመንገዱ ጉድጓድ ይጨመርበታል። ሐኪም ዘንድ ሄደን ያየውም ሐኪም ይህንኑ ነገረን፤ አቀማመጡንም እንድናስተካክል መከረን።

በስፌት ሜትር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መካኒክ የሆነ አንድ ወንድም መጣልን። ሞተሯን በረንዳው ላይ ቀጥ አድርገን አቆምናት። ባለቤቴ ተቀመጠባትና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻውን አላልቶ፣ እጆቹን በተመቸው ቦታ በአየር ላይ እንዲዘረጋ ተነገረው። እኔ የስፌት ሜትሬን አምጥቼ ለካሁ። እጆቹ የቆሙት ከመሪው 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ እርሱ ቀርበው ነበር። ሜትሩን ይዤ ጥቂት ቆምኩ። ሁለት ዓመት ዝም ያሰኘን ይህ ነበር።

መካኒኩ ወዲያው “ግዙ” አላለንም። መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሞከርን። መሪውን የያዙትን ቡሎኖች አላልቶ መሪውን ጥቂት ወደ ኋላ አዞረው፤ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዎቹንም ጣት ሲዘረጋባቸው አንጓ እንዳይታጠፍ አድርጎ አስተካከለ። ለአንዳንዶቻችሁ ይህ ብቻ ይበቃችሁ ይሆናል። ለባለቤቴ ግን አልበቃም። ስለዚህ የድሮውን መሪ ፈትቶ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይዞት ሄደና፣ ለዚህች ሞተር የሚሆነውን ከፍ ያለ መሪ ገዝቶ መጣ። የቱቦው ውፍረት ከሞተሯ መያዣ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የእኛ 22 ሚሊ ሜትር ነበር። ዋጋው ከፈራነው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘነው።

በቤታችሁ መሥራት የምትፈልጉ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመፍታታችን በፊት ልጃችን የካቦዎቹንና የሽቦዎቹን አካሄድ በስልኩ ፎቶ አነሣ። ታንከሩ እንዳይጫር አሮጌ ብርድ ልብስ አለበስነው። የባትሪው ሽቦ ተነቀለ። ስፖኪዮው፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ፣ የፍሬኑ እጀታና የነዳጅ መስጫው በየተራ ወጡ። የእጅ መያዣው ጎማ አልወጣ ሲል እኔ የሳሙና ውኃ አመጣሁ፤ ከሥሩ ሲገባበት እየተሽከረከረ ወጣ። ነገር ግን ጎማው ተመልሶ ሲገባ ውኃው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ አለዚያ በመንገድ ላይ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል። የክላክስና የመብራት ማብሪያው በመሪው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ጥርስ አለችው። አዲሱ መሪ ቀዳዳ ስላልነበረው መካኒኩ ቦታውን ሁለት ጊዜ ለክቶ በትራፓኖ በሳው።

መሪው ሲታሰር አራቱን ቡሎኖች ጥቂት በጥቂት እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው እንጂ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም። በአንዳንድ ሞተር የፊቶቹ ቀድመው ይጠብቃሉ፤ ይህን ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይሻላል። የእኛ የፊት ፍሬን በካቦ የሚሠራ ስለሆነ ሥራው ቀሎልናል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያላችሁ ግን የዘይቱ ጎማ እንዳይወጠርና አየር እንዳይገባበት ያን ክፍል ለባለሙያ ተዉለት።

ሲመሽ ሁሉም ተገጠመ። መካኒኩ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሣ። ባለቤቴም “በቃ፣ ነገ እሑድ ነው፤ በመንገድ ላይ እሞክራታለሁ” አለ። እኔ ግን መካኒኩ ቀደም ሲል ያለው ነገር ትዝ አለኝ። “ሞተሩ ተነሥቶ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ እናዞራለን አላልክም?” አልኩት። ሳቀና ተመለሰ። ከማርሽ አውጥቶ አስነሣት፤ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ደህና። ወደ ግራ እስከ መጨረሻ ሲያዞር ማንም ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሯ ጮኸች። ወዲያው አጠፋት። የነዳጁ ካቦ በዕቃ መጫኛው ብረት በተሳሳተ በኩል አልፎ ተወጥሮ ነበር። በማግስቱ በቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ቢሆን ምን ሊከሰት እንደሚችል ለባለ ሞተር መንገር አያስፈልግም። ፎቶውን ከፍተን አየን፤ ካቦው በትክክለኛው መንገድ ገባ። እንደገና ስናዞራት ድምፅዋ አልተለወጠም። ነዳጅ መስጫውም ሲለቀቅ በራሱ ጠቅ ብሎ ተመለሰ።

ከሥሩ የተደረገ ድንጋይ

በዚያ ሳምንት የሙሴን ታሪክ በዘጸአት ምዕራፍ 17 እንደገና አነበብኩት። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው አሮንና ሖር እጆቹን ስለ መደገፋቸው ነው። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ከዚያ በፊት ያለውን አየሁ። እጆቹ ሲከብዱ “ጠንክር፣ ቻለው” አላሉትም። አስቀድመው ድንጋይ አምጥተው ከሥሩ አደረጉና ተቀመጠ። የእግዚአብሔር ሰው እጁ ደከመ፤ አጠገቡ ያሉት አዩ፤ አቀማመጡን አስተካከሉለት። በኮሌጅ ሳለሁ ይህን ክፍል አጥንቼዋለሁ፤ ድንጋዩን ግን ልብ አላልኩትም ነበር።

በጌታ የተወደዳችሁ፣ ለወንጌል ሲሉ መከራን መቀበል አለ፤ እርሱን አቃልዬ አልናገርም። ነገር ግን መፍቻ የሚፈታውን ሁሉ መስቀል ብለን አንሸከም። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህን ላለማስጨነቅ የደበቅከው ሕመም ምን መስሎ እንደሚታያት አስበህ ታውቃለህ? እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ዝም ሲል በልብሽ የጻፍሽውን ደግመሽ መርምሪው። “ምን ሆነሃል?” ለሚለው ጥያቄ “ምንም” ማለት ቀላል ነው። “የት ጋ ነው የሚያምህ? አሳየኝ” ስትይው ግን እጁን መዘርጋቱ አይቀርም። ድንዛዜው የማይለቅ ወይም እጅ ዕቃ መያዝ የሚያቅተው ከሆነ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የባለቤቴ እጅ ሙሉ በሙሉ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ብርድ ሲሆን ትንሿ ጣቱ አሁንም ትደነዝዛለች። ነገር ግን አሁን ሲመለስ ይነግረኛል፤ እኔም እጁን ተቀብዬ አሽለታለሁ። ባለፈው እሑድ ማታ ትንሿ ልጃችን “አባቢ፣ አንሣኝ” አለችው። ሞተሯን ገና አላጠፋም ነበር። አጠፋትና አነሣት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።