ድንኳን ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ አይደለም



ባለፈው ሰኔ ለዕረፍት ወደ ሰሜን ሄደን በድንኳን ልናድር እንደሆነ ለቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ስንነግራቸው፣ አንዲት እናት ደንግጠው፣ “ምነው፣ ማን ሞተ?” አሉን። ሳቅን። ግን እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ቤት እያለው፣ ያውም ገንዘብ ከፍሎ፣ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው አይታወቅም። ሌላዋ እናት ደግሞ፣ “ከድንኳን ኑሮ ስንሸሽ አይደል እንዴ እዚህ የደረስነው?” አሉ። እሳቸው ካናዳ የገቡት በሱዳን የስደተኞች ሰፈር በኩል ነው። በዚህኛው አልሳቅንም።

ኤድመንተን ከተማ ባለች አንዲት የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት ሆነን ማገልገል ከጀመርን አሥራ አራት ዓመት ሆነን። በእነዚህ ዓመታት ስንት ቤተሰብ አስታርቀናል፣ ስንት ወጣት አማክረናል፣ ስንት ሌሊት ሆስፒታል አድረናል። ጌታ ይመስገን። በራሳችን ቤት ግን አንድ በር ተዘግቶብን ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጃችን ከክረምቱ ቅዝቃዜ ወዲህ ከእኛ ጋር መብላት ተወ። እሑድ እሑድ ጉባኤው እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። “ምን ሆንክ ልጄ?” ስንለው መልሱ አንድ ነው፤ “ምንም።”

ሽማግሌዎቻችን ነገሩን አይተው ሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጡን። ወዴት እንሂድ ብለን ስንመክር ታናሿ ልጃችን፣ “እሱ ትንሽ ሆኖ የአላስካን መንገድ እንሂድ ይል አልነበር?” አለች። እውነት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጠይቆን “በሚቀጥለው ዓመት” አልነው። በየዓመቱም እንዲሁ አልን። አራት ጊዜ። ድንኳን ተዋስን፣ የቡታጋዝ ምድጃ ገዛን፣ ድርቆሽና በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎና ጀበና ጭነን ተነሣን። ልጃችን እንዲመጣ መለመን ነበረብን።

የአላስካ አውራ ጎዳና የሚጀምረው ዶውሰን ክሪክ ከምትባል ከተማ ነው። ከኤድመንተን እስከዚያ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ከተሞቹ እየራቁ፣ ጫካው እየሰፋ ይሄዳል። ፎርት ኔልሰን ለመድረስ ወደ 450 ኪሎ ሜትር፣ ከፎርት ኔልሰን ዋትሰን ሌክ ለመድረስ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጅ ባገኙበት መሙላት ግድ ነው። በብዙው መንገድ ላይ ስልክ አይሠራም። መጋቢ ስልኩ ሲሞት ምን እንደሚሰማው መጋቢዎች ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ቀን እጃችን ራሱ ወደ ኪስ ይሄድ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከኋላ ወንበር ድምፅ ሰማን። ልጃችን ስለ መንገዱ ያነበበውን ለእህቱ ይነግራታል። መንገዱ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 ነው። የጃፓን ጦር ይመጣል ተብሎ ስለ ተሰጋ፣ ከ10 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች በጫካና በረግረግ ውስጥ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ጠርገው አገናኙት። ሲሶ የሚያህሉት ጥቁሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ወታደር አብሮ አይሰለፍም፤ ጥቁሮቹ በተለየ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም ባነሰ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። በመጨረሻ ግን ከሰሜንና ከደቡብ የሚጠርጉት ቡልዶዘሮች ጫካ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ወታደር ተጨባብጠው ፎቶ ተነሡ። ሠራዊቱ በዘር መለያየቱን እንዲያቆም የታዘዘው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። “እናንተ ይህን ታውቁ ነበር?” አለን። አናውቅም ነበር። በወራት ውስጥ ይህን ያህል ሲያወራን የመጀመሪያው ነው። ዝም ብለን አዳመጥን።

ከፎርት ኔልሰን አልፈን ተራራው መካከል ሳለን ጎማ ፈነዳብን። ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ ስልክ የለም። ከእኛ መካከል መጋቢ የተባለው በሠላሳ ዓመት አገልግሎት ከማይክራፎን የከበደ ነገር አንሥቶ አያውቅም። ክሪኩን የት እንደምንደግፍ እንኳ አላወቅንም። ለመጸለይ እጅ ለእጅ ስንያያዝ ልጃችን ወርዶ ስኮርታውን አወረደ። አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ ብሎኖቹን እያላላ ነበር። “ይህን ያዙልኝ” አለን፤ ያዝን። “እዚህ ጋ ግፉ” አለን፤ ገፋን። ማን አስተማረህ ስንለው፣ “ዩቲዩብ። ለዚህ መንገድ ብዬ ነው የተማርኩት” አለ። እንዳንሄድ የፈራነው ልጅ ለጉዞው ከእኛ በላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ያን ቀን ያደርነው ሙንቾ ሐይቅ ዳር ነው። ውሃው አረንጓዴና ሰማያዊ ተቀላቅሎበት የተነጠረ መስተዋት ይመስላል። የተራራ በጎች ጨው ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወርደው ይልሳሉ። ድብ ያለበት አገር ስለሆነ ምግብ ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ያድራል። ታናሿ፣ “ድብ በርበሬ ይወዳል እንዴ?” እያለች ስትጨነቅ እንቅልፍ ወሰዳት። በሰኔ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲቃረብ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሰማዩ ፈጽሞ አይጨልምም። ቡና አፍልተን ሦስታችን ውሃው ዳር ተቀመጥን።

ሦስተኛው ስኒ ላይ ተናገረ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

“እማዬ፣ አባዬ፣ የካቲት ላይ የሞተው ልጅ ጓደኛዬ ነበር።”

ስለ ልጁ ሞት ሰምተን ነበር። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ደርሶናል። እንዲያውም ለጉባኤው የጸሎት ርዕስ አድርገን አቅርበነዋል። ልጃችን ጓደኛው እንደ ነበረ ግን አናውቅም።

“ቅዳሜ ቢሮ መጥቼ ነበር። ስብሰባ ላይ ናችሁ። ‘ቆይ፣ ኋላ’ አላችሁኝ። ሁለት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኩ። ከዚያ ሌላ ሰው መጣባችሁ፤ ለእሱ ጸለያችሁለት። እኔ በአውቶቡስ ወደ ቤት ሄድኩ። እግዚአብሔርም እንደ እናንተ ቢዚ ነው ብዬ አሰብኩ።”

ወገኖች፣ ያን ቅዳሜ ፈጽሞ አናስታውሰውም። የሚያሳዝነው ይህ ነው። ለእኛ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነበረ።

አፋችን ላይ የመጣው ጥቅስ ነበር። ስለ ሐዘን፣ ስለ ትንሣኤ፣ ስለማይተወን አምላክ። ሁሉም እውነት ነው፤ ስንት ለቅሶ ቤት ሰብከነዋል። ግን በዚያች ሰዓት ኤልያስ ትዝ አለን። በ1ኛ ነገሥት 19 ነቢዩ ሞቱን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሲወድቅ፣ እግዚአብሔር የላከለት መልአክ ስብከት አላመጣም። እንጎቻና ውሃ አመጣለት። በላ፣ ተኛ። ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አበላው። “እዚህ ምን ታደርጋለህ?” የሚለው የጌታ ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ይህን ምዕራፍ ተምረን ፈተና አልፈንበታል። ያለፍንበት በወረቀት ነበር።

ስለዚህ አልሰበክንም። “ይቅር በለን” አልነው። በእኛ ባህል ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ፤ ቃሉ ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራል። “በደልንህ። የጠበቅኸን ያህል አልጠበቅንህም። ስለ ጓደኛህ ንገረን” አልነው። ነገረን። ስሙን፣ ሳቁን፣ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ የሚቀልደውን። አልቅሶ ሲጨርስ ዳቦ ቆሎውን ከመኪና አምጥተን አብረን በላን። እርሱም ገብቶ ተኛ። ጸሎታችንን እርሱ ከተኛ በኋላ፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ በዝግታ ጸለይን።

ጠዋት ተአምር አልነበረም። ዝናብ ነበር፤ ድንኳኑም አፍስሶ ነበር። ግን ሻይ ስናፈላ እርሱ ውሃ ቀዳልን።

ከዚያ በሊያርድ ፍል ውሃ አለፍን። በረግረጉ ላይ በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ሄደው ጫካ መካከል ሙቅ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። በመንገዱ ዳር ባይሰን የሚባሉት ግዙፍ ጎሾች እንደ አገራችን ከብት መንገድ ዘግተው አስቆሙን። ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቁን መስማት ብቻ ይበቃን ነበር።

ዋትሰን ሌክ ላይ “የታፔላ ጫካ” የሚባል ስፍራ አለ። በ1942 ካርል ሊንድሊ የሚባል ወታደር ተጎድቶ ሲያገግም የመንገድ ምልክት እንዲጠግን ታዘዘ። አገሩ ናፍቆት ኖሮ የከተማውን የዳንቪል ኢሊኖይን ስምና ርቀት ጽፎ አብሮ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ሁሉ የአገሩን ታፔላ እየሰቀለ ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ ሆነዋል። እኛም ሰሌዳ ይዘን ነበር። “ሆሳዕና” ብለን ልንጽፍ ስንል ልጃችን፣ “የእናንተ አገር ሆሳዕና ነው። የእኔ ኤድመንተን ነው” አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅር ይለን ነበር። ያን ቀን ግን ልክ መሆኑ ገባን። እርሱ “ኤድመንተን” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብሩሹን ሳይለቅ፣ “የአያቴን ከተማ በፊደል እንዴት ነው የምጽፈው?” አለ። እጁን አልያዝነውም፤ ፊደሉን በጣታችን አቧራ ላይ ጽፈን አሳየነው። “ዕ”ዋ ትንሽ ተጣምማለች። እዚያው ተሰቅላ አለች።

አብርሃም ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር በድንኳን እንደ ኖረ፣ የሚጠብቃትም ከተማ እግዚአብሔር የሠራት እንደ ነበረች ዕብራውያን 11 ያስተምረናል። የአገራችን ስም ከልጆቻችን አገር ስም ይለያይ ይሆናል። የምንሄድባት ከተማ ግን አንዲት ናት። ወደዚያች የሚያመለክት ታፔላ ለልጆቻችን ሆነን ይሆን? ወይስ “ቆይ፣ ኋላ” የሚል?

ሌላም ያስተዋልነው አለ። በዘሌዋውያን 23 እግዚአብሔር ሕዝቡን በየዓመቱ ሰባት ቀን ከቤታቸው ወጥተው በዳስ እንዲቀመጡ አዝዟል። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ አባቶቻቸውን ከግብፅ ሲያወጣ በዳስ እንዳስቀመጣቸው የሚወለዱት ልጆች እንዲያውቁ ነው። ልብ በሉ፤ ምድረ በዳውን ለማያውቅ ትውልድ፣ ቤት ለሠራ ሕዝብ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ጌታ ወላጆች ለልጆቻቸው በቃል ብቻ እንዲነግሩ አልተወም። አብረው ቅጠሉን እንዲቆርጡ፣ አብረው እንዲበርዳቸው፣ በቀዳዳው አብረው ኮከብ እንዲያዩ አደረገ። እኛ ለልጆቻችን ስለ ስደታችን ብዙ ተናግረናል። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ግን በአንድ ዳስ ውስጥ አልተቀመጥንም ነበር።

ከተመለስን ወራት አልፈዋል። ልጃችን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል ብለን እንድንጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ገና ነው። መኪና ውስጥ መቀመጡን ትቷል፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሐሙስ ማታ ስልካችንን ዘግተን ከእርሱ ጋር እንበላለን፤ ለቤተ ክርስቲያኑም አሳውቀናል። በመጀመሪያው ሐሙስ ያልደወለልን ሰው የሞተ እንጂ የተቀየመ አልነበረም፤ አሁን ግን ቅዱሳን ለምደውልናል። ባለፈው ሳምንት ከምግብ በኋላ፣ “ለጓደኛዬ እናት እንጸልይላቸው?” አለ። ጸለይን። እርሱ አልጸለየም፤ ግን “አሜን” አለ።

ወገኔ ሆይ፣ በአገልግሎት ላለህም፣ ሁለት ሥራ ለምትሠሪም፣ እምነትን ገና ለምትፈልጉም እንጠይቃለን፤ በእናንተ ኮሪደር ላይ የሚጠብቅ ማን ነው? ወደ ሰሜን መሄድ አያስፈልግም። ድንኳን ባይኖራችሁም ሳሎኑ ውስጥ አንሶላ ዘርጉ። ስልኩን ዝጉ፣ ዳቦ ቁረሱ፣ ዝም ብላችሁ አድምጡ። እግዚአብሔር ቢዚ አይደለም። ይህን ለልጆቻችን በሕይወታችን የምንመሰክርበትን ጸጋ ያብዛልን።

ጌታ ይባርካችሁ።