ሦስተኛው ሰው የት ይቀመጣል?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖር ሐበሻ መኪና የግል ንብረት አይደለም። በወረቀት ያንተ ነው፤ ኢንሹራንሱንም የምትከፍለው አንተ ነህ። ወንበሮቹ ግን የማኅበር ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት እትዬዎች፣ ቅዳሜ ከሰርግ አንድ ሙሉ ቤተሰብ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከደላስ አየር ማረፊያ ስሙን ትናንት የሰማኸው የአክስትህ ባል ወንድም ይቀመጡባቸዋል። ስለዚህ ልብ ያለው ሰው ቶዮታ ካምሪ ይገዛል፤ ልጅ ሲደጋገም ሲዬና ቫን ይጨምራል። እኔ የምነዳው የ1999 ማዝዳ ሚያታ ነው። ሁለት ወንበር፣ የጨርቅ ጣራ፣ የእጅ ማርሽ። ለመዝናኛ ብቻ ከጋራዥ የምትወጣ ትርፍ መኪና እንዳትመስላችሁ፤ ሌላ መኪና የለኝም። ሥራም፣ ገበያም፣ ለቅሶም የምደርሰው በእሷ ነው።

እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ አንዴ ዞረቻት፣ ደግማ ዞረቻት፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ገንዘቡ አልሞላ ብሎህ ነው ግማሿን የገዛኸው?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ ግን ከልቧ ነበር፤ ቀሪውን ልትሞላልኝ ሳታስብ አልቀረችም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ገንዘብ መድቦ፣ መሐንዲስ ቀጥሮ፣ ግማሽ መኪና ለምን ይሠራል?

መልሱን ስንፈልግ ሚያታን ከሠራችው ጃፓን በፊት የምንደርሰው እንግሊዝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ኤምጂ በሚባሉት ትንንሽ ክፍት መኪኖች ፍቅር ወደቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከ1945 እስከ 1949 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኤምጂ ቲሲ የምትባለው ሞዴል 10,000 ያህል ተሠራች፤ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት 2,000 ገደማ ቢሆኑም አምሮቱን ለመትከል በቂ ነበሩ። ከዚያ ትራያምፍ መጣች፤ በ1962 ኤምጂቢና ሎተስ ኤላን ተከተሉ። ጣልያንም በፊያት ስፓይደር ገባችበት። እነዚህ መኪኖች የባለጸጋ አልነበሩም፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሞተራቸው ትንሽ፣ ዋጋቸው የደመወዝተኛ ነበር። ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ ኤሌክትሪካቸው ዝናብ አይወድም። ባለቤቶቻቸው ግን ይህን ሁሉ እንደ ዘመድ ጠባይ ይችሉት ነበር።

የገደላቸው ዝናቡ አይደለም። በ1970ዎቹ አሜሪካ የደኅንነትና የጭስ ሕጓን ስታጠብቅ እንግሊዞቹ አዲስ መኪና የሚነድፉበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ኤምጂቢን ከፍ አደረጓት፣ ከፊትና ከኋላ ትልልቅ ጥቁር የጎማ ፓራውልት ለጠፉባት፣ ጉልበቷንም ቀነሱት። በጥቅምት 1980 የአቢንግደን ፋብሪካዋ ተዘጋ። ርካሽና ቀላል የሁለት ሰው ክፍት መኪና የሚፈልግ ሰው ያረጀ ከመግዛት በቀር ብዙ ምርጫ አልቀረውም።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1979፣ ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ከማዝዳው የምርምር ኃላፊ ከኬኒቺ ያማሞቶ ጋር ተገናኘ። ያማሞቶ ተራ ኃላፊ አልነበሩም፤ ሌላው ፋብሪካ ሞክሮ የተወውን ሮታሪ ሞተር ለገበያ ያበቃውን ቡድን የመሩ መሐንዲስ ነበሩ። ቀጥሎ ምን ብንሠራ ይሻላል ብለው ጠየቁት። ጃፓንኛ የሚችለው ሆል እንግሊዞቹ የተዉትን ዓይነት፣ ቀላልና ክፍት የስፖርት መኪና ሥሩ አላቸው፤ ቾክ አንሥቶም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣለላቸው። ጋዜጠኛ ምክር ሲሰጥ መስማት የተለመደ ነው፤ ምክሩን የሰማ አለቃ ግን እምብዛም አይገኝም። በ1981 ሆል ብዕሩን ጥሎ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የማዝዳ ቢሮ ተቀጠረ።

በ1983 የማዝዳ የቶኪዮና የካሊፎርኒያ ነዳፊዎች በዚህች መኪና ንድፍ ውድድር ገጠሙ። ቶኪዮዎች ሁለት አሳብ አቀረቡ፦ አንዱ የፊት ጎማ የሚነዳት፣ ሌላው ሞተሯ መሐል ላይ የሆነች። ካሊፎርኒያዎች በድሮው ሥርዓት ጸኑ፤ ሞተር ከፊት፣ ጉልበት ለኋላ ጎማ። በማግስቱ ዓመት እነሱ አሸነፉ። የመጀመሪያዋ የምትነዳ ናሙና የተሠራችው እንግሊዝ አገር፣ በአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ እጅ መሆኑን ሳነብ ሳልስቅ አላለፍኩም፤ የራሳቸውን ፋብሪካ የዘጉት ሰዎች ለሌላ አገር ያንኑ ሲሠሩ ማለት ነው። በ1985 ይህች ናሙና ሳንታ ባርባራ ተወስዳ አደባባይ ተነዳች፤ መንገደኛው እየተከተለ የት ትገዛለች ማለት ጀመረ።

ሥራውን እስከ መጨረሻ የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ ናቸው፤ የሥራው መመሪያም ጂንባ ኢታይ የተባለው የጃፓን ፈረሰኛ ቀስተኞች አሳብ ነበር። ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ይሁኑ ነው ነገሩ። ፈረንጅ ጋዜጠኞች ይህን እንደ ሩቅ ምሥራቅ ምሥጢር ያወሩታል፤ ለእኛ ግን ምኑ ይገርማል? ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረሱ ስም የጠራ ሕዝብ ሰውና ፈረስ የት ላይ እንደሚለያዩ ግድ ብሎት አያውቅም።

አሳቡን ወደ ብረት የቀየሩበት መንገድ ነው የሚደንቀኝ። ክብደቱን ለፊትና ለኋላ እኩል አካፈሉት። ካምቢዮውን ከኋላው ዲፈረንሻል ጋር በረጅም የአሉሚኒየም አካል አያያዙት፤ ስለዚህ ነዳጁን ስትረግጥ መሐል ላይ የሚንገዳገድ ነገር የለም፣ ወዲያው ትመልስልሃለች። የማርሹ ዘንግ አጭር ነው፤ ማርሽ ለመቀየር ክንድ አያስፈልግም፣ አንጓ ይበቃል። በየካቲት 1989 ቺካጎ ላይ ስትታይ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 ፈረስ፣ ክብደቷ ወደ 960 ኪሎ ነበር። ዋጋዋ 13,800 ዶላር ተባለ፤ ወረፋው ሲበዛ ሻጮች የራሳቸውን ሺዎች ጨመሩበት። በ2000 ጊነስ በዓለም ብዙ የተሸጠች የሁለት ሰው ስፖርት መኪና ብሎ መዘገባት፤ በሚያዝያ 2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ሂሮሺማ ውስጥ ተሠራች።

እንግዲህ ግማሽ መኪና የምትባለው ሆን ተብሎ የተቀነሰች ናት። የቀረው ሁሉ የቀረው ሰው ተከራክሮበት ነው። ይህን ግን ሰርግ የሚደግስ ወዳጅ አይረዳልህም።

የእኛ ሰው ክፍት መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ሙሽራ ነው። አበባ እናስርባት፣ በፓርክ በኩል እንለፍ፣ ቪዲዮው ያምራል ይላል። እሺ ብዬ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ሙሽራውና ሙሽሪት ከተቀመጡ ማን ይነዳል? ሙሽራው ይንዳ ይባላል። የእጅ ማርሽ ይችላል? ዝምታ። ሚዜዎቹስ? የሙሽሪት ቬሎስ? ቬሎው ብቻውን አንድ ሙሉ ወንበር ይፈልጋል። እስካሁን በእሷ የተሞሸረ የለም፤ ፎቶ የተነሣባት ግን ብዙ ነው።

ሻንጣም አለ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው፤ በርበሬና ሽሮ የሞላበት ሻንጣ ደግሞ እጥፍ አይልም። የእኔዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ 144 ሊትር ብቻ ነው። አንዱን ሻንጣ ጋቢና አስቀምጦ ቀበቶ ማሰር ይቻላል፤ ያኔ እንግዳው ታክሲ ይይዛል። ስለዚህ ደላስ ሲባል ቫን ያለው ጓደኛዬን እለምናለሁ፣ እሱም በሚያታ አንድ ዙር በማስነዳት ይካሳል።

የዕለቱ ኑሮ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ላይ፣ ዓይንህ ከትልልቅ መኪኖች የጎማ ብሎን ጋር ትክክል ነው፤ ይህ ንቁ ያደርጋል፣ ጸሎተኛም ያደርጋል። በረዶ ሲጥል የበረዶ ጎማ ካላሰርክ የኋላ ጎማዋ አመሏን ታሳይሃለች። ከባድ ዝናብ ጨርቁ ላይ ሲወርድ ስልክ ማነጋገር የለም። በሌላ በኩል በብርድ ጣራ ከፍቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ማሞቂያ ለቅቆ መንዳትን የመሰለ ነገር የለም፤ መንገደኛው እብድ ነው ይላል፣ ይበል። ጣራው ሞተር የለውም፤ ሁለት መቆለፊያ ፈትቶ ወደ ኋላ መጣል ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ይደረሳል። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት፣ ከኩርባ ወደ ኩርባ፣ ፖሊስ የማያስቆመኝን ደስታ አገኛለሁ። ጉልበተኛ መኪና ያለው ጎረቤቴ ይህን ደስታ ለማግኘት ሕግ መጣስ አለበት።

ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር አለ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ብቻ ስለምይዝ ሽማግሌዎች ተራ ይጠብቃሉ። መቀመጫው ከቡና በርጩማ አይበልጥምና ሲገቡ «በስመአብ» ይላሉ፣ ሲወጡ እጅ መስጠት አለብኝ። መንገድ ላይ ግን ያወራሉ። አንድ ጋሼ ቫን ውስጥ ሰባት ሰው መሐል አንገታቸውን ደፍተው ዝም የሚሉ ናቸው፤ እኔ ጋ ሲቀመጡ በወጣትነታቸው አስመራ ላይ ስለነዷት ፊያትና ስላላገቧት ልጅ ነገሩኝ። እናቴም በመጨረሻ ነጠላዋን አገጯ ሥር አስራ ጣራው ተከፍቶ ገበያ ሄዳለች። አስተያየቷ አልተለወጠም፤ አሁንም ግማሽ ናት ትላለች፤ ገበያ ሲባል ግን ቀድማ የምትወጣው እሷ ሆነች።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በማስታወቂያ ፎቶ አትማረኩ። የታይሚንግ ቺንጋው በየ60,000 ማይሉ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ። በጣራው ጨርቅ ግርጌ ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቅጠል ከተደፈኑ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ምንጣፉን አንሥታችሁ እርጥበት ፈትሹ። ከዚያ ተንበርክካችሁ ከበሩ በስተኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን የታችኛውን ቆርቆሮ በእጃችሁ ዳብሱ። የዚህች መኪና ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ቆርቆሮው እጃችሁ ላይ ከተፈረፈረ ዋጋ አትከራከሩ፤ ቁልፉን መልሱና ሂዱ።