ከባድ ማርሽ

የደጀን ልጆች ስለ ኩርባ ሳንማር እናውቃለን። ከተማችን የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት፤ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ጥምዝምዝ መንገድ ከባድ መኪና ሲገባ እያየን ነው ያደግነው። ቀጥ ባለው ላይ እየለቀቀ ኩርባ በመጣ ቁጥር የሚረግጥ ሹፌር ፍሬኑን ያነደዋል። የቆየው ሹፌር ግን ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ ያስገባና ቀጥታውንም ኩርባውንም በአንድ እርጋታ ይወርደዋል።

ይሄ ነገር ብየዳ ቤት ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ። ለበርና ለመስኮት ጌጥ ከላሜራ መስቀል፣ አበባ፣ ስም እንቆርጣለን። በፕላዝማ።

ፕላዝማ ማለት በጠባብ ኖዝል ተጨምቆ በሚወጣ አየር ውስጥ የሚሄድ የኤሌክትሪክ አርክ ነው፤ ሙቀቱ ከ10,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለእሱ ምኑም አይደለም፤ ስለዚህ የማሽኑ ሰንጠረዥ ሩጥ ይላችኋል። ቀጥታ መስመር ላይ ያምራል። ጉዱ የሚመጣው የላሊበላ መስቀል ስትቆርጡ ነው፤ ሁለመናው ማዕዘን ነው። ቶርቹን የተሸከመው ክንድ ክብደት ስላለው በዚያ ፍጥነት መታጠፍ አይችልም፤ ማዕዘኑ ጋ ይቀንሳል። አርኩ ግን አይቀንስም። ጫፉ ይበላል፣ የተቆረጠው ስንጥቅ ይሰፋል፣ የቀለጠው ብረት ከሥር ስላግ ሆኖ ይንጠለጠላል። ይባስ ብሎ፣ የቶርቹን ከፍታ የሚጠብቀው መሣሪያ የሚመራው በአርኩ ቮልቴጅ ነው። ስንጥቁ ሲሰፋ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ እሱም ከብረቱ የራቀ መስሎት ቁልቁል ወርዶ ኖዝሉን ላሜራው ላይ ይተክለዋል። (የዚህስ መድኃኒት ቀላል ነው፤ ማዕዘን ከመድረሱ በፊት ከፍታውን መቆለፍ።)

"ማዕዘን ላይ ቀስ በል" ይላል ሁሉም። ወፍራም ብረት ላይ እውነት ነው። ስስ ላይ ግን እኔ የሹፌሩ ወገን ነኝ፤ አምፔሩን ቀንሱ፣ ትንሹን ኖዝል ግጠሙ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው አረጋጉት። ያኔ የቀጥታውና የማዕዘኑ ፍጥነት ይቀራረባል። አለቃዬ እዚህ ላይ አይስማማም። መብራት ሳይሄድ ይለቅ ባይ ነው፤ ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል። አልፈርድበትም፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚከስረው እሱ ነው። ግን ከማሽኑ ያተረፍናትን ደቂቃ ግራይንደሩ ይበላታል።

ልኩን የሚነግረኝ ስላጉ ነው። ወፍራም ሆኖ በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት የሚረግፍ ከሆነ ፍጥነቱ አንሷል፤ ቀጭንና ድርቅ ያለ፣ ሳይሞረድ የማይለቅ ከሆነ በዝቷል። ሹል የውጭ ጫፍ ላይ ደግሞ ቶርቹ ማዕዘኑን አልፎ ወደሚጣለው ላሜራ ይሂድ፣ እዚያ ዞሮ ይመለስ። ጫፉ እንደ ቢላ ይወጣል።

ስም ሲታዘዝ ሌላ ጣጣ አለ። "መ" እና "ወ" ሆዳቸው ዝግ ነው፤ ዝም ብለው ከቆረጧቸው መሀላቸው ወልቆ ይወድቃል፣ ቀጭን ድልድይ መተው ግድ ነው። ያቺን ድልድይ ሙቀት እንዳይጠመዝዛት አንዱን ፊደል ቆርጬ ላሜራው እስኪቀዘቅዝ ወደ ሌላው ጥግ እሄዳለሁ። ነገ የምቆርጠው ስም ሦስት "መ" አለው፤ አለቃዬ ደግሞ ደንበኛውን ለጠዋት ቀጥሮታል።